አሮጌ ሞርሳ ልግዛ ወይስ አዲስ? ለሰበታው ወንድማችን

ሰላም ለቤቱ። ሰበታ ያለው ወንድማችን የለጠፈውን ጥያቄ አየሁት። ላላያችሁት ባጭሩ እንዲህ ነው። የበርና መስኮት ሥራ ሊጀምር ነው። ውድቅዳቂ ብረት ከሚገዛ ሰው ግቢ ዝገት የበላው ሰማያዊ ሞርሳ (ሥራ ጠረጴዛ ላይ ታስሮ ብረት ነክሶ የሚይዝ ዕቃ) አግኝቷል። "ሬከርድ"፣ "ኢንግላንድ" እና "23" የሚል ተጽፎበታል። ሲያጠብቁት ትንሽ ይይዝና ቋ ብሎ ይለቃል። ሻጩ "ፊሌቶው (የብሎኑና የዳዶው ጥርስ) አልቋል፣ በኪሎ ውሰደው" ብሎታል። መርካቶ ደግሞ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ አዲስ ሞርሳ አይቷል። ዋጋው ግን ጨመር ይላል። የቱን ልግዛ ነው ጥያቄው። በአሮጌው ፎቶ ላይ ከፊቱ መንጋጋ ሥር አንዲት መስመር ትታያለችና "ይቺ ስንጥቅ ከሆነች ትበየዳለች ወይ?" ብሎም ጠይቋል።

እኔ ገላን አካባቢ የብረት ሥራ ነው የምሠራው። አሮጌ ሞርሳ ሳይ ማለፍ አልችልም፣ ቤት ውስጥም የሚያኮርፉኝ በዚህ ነው። እና አስተያየቴን ልስጥ።

ወንድሜ፣ ስለ ፊሌቶው አትጨነቅ። አንተን የሚያስጨንቅህ ያቺ መስመር መሆን አለባት። ሞርሳ ላይ ከገላው በቀር ሁሉም ነገር ይቀየራል። ብሎኑ የሚገባበት ዳዶ ይቀየራል፣ ዋናው ብሎን ይቀየራል፣ እጀታው ይቀየራል፣ መንጋጋው ላይ በቪቴ የሚታሰሩት ጥርስ ያላቸው ብረቶችም ይቀየራሉ። ገላው ከተሰነጠቀ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

መጀመሪያ ስለዚያች 23 ቁጥር ላውራ፣ ምክንያቱም ሻጩ የተሳሳተ ይመስለኛል። ሬከርድ የሼፊልድ ሥራ ነው። ተራዎቹ ሞርሳዎች ቁጥራቸው ትንሽ ነው፦ 3 ቁጥሩ መንጋጋው 4 ኢንች፣ 5 ቁጥሩ 5 ኢንች፣ 6 ቁጥሩ 6 ኢንች ነው። ሃያዎቹ፣ ማለትም ከ21 እስከ 25 ያሉት፣ ፈጥነው የሚከፈቱ ናቸው። እጀታው አጠገብ ትንሽ ማንሻ አላቸው። እሷን ስትጫን ብሎኑን ሳታዞር መንጋጋውን ጎትተህ ታወጣዋለህ፣ ገፍተህም ትመልሰዋለህ። ይህ የሚሆነው ውስጥ ያለው ዳዶ ሙሉ ስላልሆነ ነው። ግማሽ ዳዶ ነው። ማንሻዋ ከብሎኑ ታላቅቀዋለች፣ ስትለቃት ደግሞ ሞላ ገፍቶ ከብሎኑ ጋር ያናክሰዋል።

አሁን አስበው። ይህ ዕቃ ስንት ዓመት ጋራዥ ውስጥ ኖሯል። ግራሶ ተቀብቷል፣ ግራሶው ላይ የሞረድ ብናኝ ተጣብቋል፣ ከላዩ አቧራ ገብቷል፣ ከዚያ ደርቆ እንደ ሬንጅ ሆኗል። ግማሹ ዳዶ በዚያ ቆሻሻ ምክንያት እስከ መጨረሻው አይነሳም። የፊሌቶውን ጫፍ ብቻ ነክሶ ይቆማል። ስታጠብቀው ትንሽ ይይዝና ቋ ይላል። ወይም ሞላው ተሰብሯል፣ ወይም ዝጎ ደክሟል። ከውጭ ለሚያየው ሰው "ፊሌቶው አልቋል" ነው የሚመስለው። ሻጩ አልዋሸህም፣ እሱ የሚያውቀው ኪሎውን ነው።

ስለዚህ ስትሄድ እንዲህ አድርግ። ሞርሳውን በጀርባው አስተኛው። ማንሻዋን ጫን ለቀቅ እያደረግህ ከሥር ተመልከት። ግማሹ ዳዶ ቷ ብሎ ይመለሳል ወይስ እየተጎተተ ነው? እየተጎተተ ከሆነ ጥሩ ዜና ነው። ትንሽ ናፍጣ አፍስስበት፣ በቀጭን ሽቦ ጫር ጫር አድርገው። ከዚያ በጣትህ ዳዶውን ወደ ብሎኑ ደግፈህ ያዝና አጥብቀው። ከያዘ ቆሻሻና ሞላ ብቻ ነው ችግሩ። ሞላ ደግሞ ከሶማሌ ተራ ከአሮጌ መኪና ዕቃ መሃል መርጠህ ታመጣለህ።

አጽድተኸውም ከዘለለ ዳዶው በእውነት አልቋል ማለት ነው። ያኔም ዓለም አላለቀም። አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው ዳዶው ነው፣ ብሎኑ ይተርፋል። ከብሮንዝ ወይም ከብረት ቶርኖ ቤት (ብረት እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን ያለበት) ታስወጣዋለህ። እዚህ ጋ ግን አንድ ነገር ልብ በል። የእንግሊዝ አሮጌ ብሎን የሚለካው በኢንች ነው። ቶርኖ ቤቱ የኢንች ፊሌቶ ማውጣት የሚችል ማሽን እንዳለው አስቀድመህ ጠይቅ። ከሌለው በሚሊሜትር ብሎኑንም ዳዶውንም ባንድ ላይ ማሠራት ይሻላል። ብሎኑን ይዘህ ሂድ፣ በስልክ ነግረህ አታሠራ።

ሌላም ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ነገር አለ። እጀታውን ወደ ኋላ ስትመልሰው ብሎኑ ሩብ ዙር ያህል በባዶ ይዞራል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ "ያለቀ ነው" ብሎ ጥሎት ይሄዳል። ባዶ ዙር አይጎዳም። ሲጠብቅ ፊሌቶው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው የሚጫነው፣ ስለዚህ አያያዙ ላይ ለውጥ የለውም። የሚጎዳው መዝለሉ ነው። ሰዉ በባዶ ዙር እያማረረ ሲሄድ እኔ በርካሽ እገዛለሁ፣ እና ይህን ባልናገር ይሻለኝ ነበር።

አሁን ወደ መስመሯ። ጊዛ (ካርቦን የበዛበት ተሰባሪ ብረት) ሲቀለጥና በሻጋታ ሲፈስ ሁለቱ የሻጋታ ግማሾች የሚገጥሙበት ቦታ መስመር ይተዋል። ያ መስመር ቀጥ ያለ ነው፣ በጥፍርህ ስትዳብሰው ከፍ ብሎ ይሰማሃል፣ በሁለቱም ጎን ይታያል። ስንጥቅ ግን ቀጭን ነው፣ ይጠማዘዛል፣ ጥፍር ይይዛል። ካላመንክ ጠመኔ ይዘህ ሂድ። ቦታውን በሽቦ ብሩሽ ፈትገህ ናፍጣ ቀባው። ትንሽ ቆይተህ በጨርቅ ድርቅ አድርገህ ጥረገው። ከዚያ ጠመኔውን ፈጭተህ አልብሰውና ታገሥ። ስንጥቅ ከሆነ ውስጥ የገባው ናፍጣ ወደ ነጩ ጠመኔ ይወጣል። ጥቁር ክር የመሰለ መስመር ይሠራልሃል፣ የት ተጀምሮ የት እንዳለቀም ያሳይሃል። የሻጋታ መስመር ከሆነ ምንም አይወጣም። ሻጩ ቢስቅብህ ይሳቅ።

ስንጥቅ ሆኖ ከተገኘስ? ቦታው ይወስናል። ከታች ከጠረጴዛ ጋር የሚታሰርበት ጆሮ ላይ ከሆነ ግዛው፣ ይጠገናል፣ ባይጠገንም በሌሎቹ ታስረዋለህ። ከፊቱ መንጋጋ አንገት ላይ፣ ማለትም መንጋጋው ከሚንሸራተተው ክፍል ጋር ከሚገናኝበት ላይ ከሆነ ተወው። ስታጠብቅ ያ ሁሉ ኃይል የሚያርፈው እዚያ ነው። የዚህ ዓይነቱን እኔ የምገዛው ለመለዋወጫ ብቻ ነው፣ በኪሎ ዋጋ።

"ይበየዳል ወይ" ላልከው፣ ሁሉም በያጅ "ይበየዳል" ይልሃል። ጊዛ ውስጥ ካርቦን ከ2.5 እስከ 4 በመቶ ይደርሳል፣ በርና መስኮት የምንሠራበት ብረት ግን ከ0.3 በመቶ በታች ነው። በተለመደው 6013 ኤሌክትሮድ ስትበይደው ጠርዙ እንደ ብርጭቆ ይደርቃል። ሲቀዘቅዝ ቲክ ይላል፣ ከብየዳው አጠገብ ሌላ ስንጥቅ ይወጣል። በትክክል የሚሠራው በኒኬል ኤሌክትሮድ ነው። ስንጥቁን በግራይንደር በሸለቆ ቅርጽ ትከፍተዋለህ፣ ጫፎቹ ላይ እንዳይቀጥል ትበሳለህ፣ አጫጭር አድርገህ ትበይዳለህ፣ በእያንዳንዱ መሃል በትንሽ መዶሻ ትደበድበዋለህ። በጋዝ ብየዳ በነሐስ ማያያዝም ይቻላል። እንዲያውም ለሞርሳ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ነሐሱ በ900 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይፈሳል፣ ጊዛው ራሱ አይቀልጥም፣ ስለዚህ አይደርቅም። በሁለቱም መንገድ ቀድሞ ሙሉውን ማሞቅ፣ ካለቀ በኋላም ዓመድ ውስጥ ቀብሮ ማሳደር ግድ ነው። ውኃ ያፈሰሰበት በያጅ ካለ ዕቃህን ተቀበልና ውጣ።

ገላው ጊዛ ይሁን ስቲል ካላወቅህ ከሥሩ በማይታይ ቦታ ግራይንደር አስነካው። ጊዛ አጭርና ቀላ ያለ ብልጭታ ነው የሚሰጠው። ስቲል ረጅምና ደማቅ ይረጫል።

ስለ ሌሎቹ ስሞች የጠየቃችሁም አላችሁ። ፓርኪንሰን የሚል ካያችሁ የእንግሊዝ ነው፣ ሺፕሊ የተሠራ። እሱም ፈጥኖ የሚከፈት ነውና ከላይ ያልኩት ሁሉ ይሠራለታል። ሆየር የሚባለው የጀርመን ሞርሳ ተቀጥቅጦ የተሠራ ስቲል ነው። በኪሎ ዋጋ ካገኛችሁት ሳትከራከሩ ክፈሉ። ጥይት የሚመስለው ዊልተን አሜሪካ፣ ቺካጎ፣ እ.ኤ.አ. በ1941 የተጀመረ ነው። የብዙዎቹ ቀን ከሚንሸራተተው ክፍል ሥር ተመትቶ ይገኛል። እዚህ አገር ግን ብርቅ ነው። የሩስያ ፊደል ያለባቸውን አትናቁ። አጨራረሳቸው ሻካራ ነው፣ ሥራ ላይ ግን አያሳፍሩም። እስከ ወለል የሚደርስ እግር ያለው የቀጥቃጭ ሞርሳ ደግሞ ለበር ጌጥ ብረት ለሚያጥፍ ሰው ዋናው ነው። የመዶሻው ምት በእግሩ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል። ጊዛ ሞርሳ ላይ ግን በከባድ መዶሻ አይደበደብም።

አዲሱንስ? አዲስ ሁሉ መጥፎ ነው የሚሉትን አልቀበልም። ግን ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት እነዚህን እይ። መንጋጋውን እስከ ግማሽ ከፍተህ የፊቱን ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቀው። በጣም ከተወዛወዘ ተወው። ከዚያ ሁለት ቁራጭ ወረቀት በግራና በቀኝ ጫፍ አድርገህ ጨብጥ። አንዱ ተይዞ ሌላው የሚሳብ ከሆነ መንጋጋው ጠማማ ነው። ቀለሙን በጥፍርህ ጫን በለው። ከቀለም ሥር ስቱኮ ያለበት አለ፣ የጊዛውን ቀዳዳ ለመሸፈን የተለሰነ። በመጨረሻ ከሥር ገልብጠህ ዳዶውን እይ። ብዙ አዳዲሶች ላይ ዳዶው አጭር ነው፣ ብሎኑን የሚይዘው ፊሌቶ ጥቂት ነው። አሮጌውንም በዚሁ መንገድ ፈትነው፣ አድልዎ የለም።

አሮጌውን ከገዛህ ሲፈታ እንዳይቸግርህ አንድ ሁለት ነገር። የተጣበቀውን በመዶሻ አታስጨንቀው። አሴቶንና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እኩል በእኩል ደባልቀህ አጠጣው፣ አሳድረው፣ ነገም ድገመው። አሴቶን በቶሎ እሳት ይይዛልና ከብየዳ ራቅ አድርገህ። ከእጀታው ጀርባ፣ ከፊቱ መንጋጋ ውስጥ በኩል፣ ብሎኑ ላይ ቀለበትና ስፒና (የምትሰካ ቀጭን ብረት) አለ። እሷን ነው ሰው የሚጥላት። ስትከፍት ብሎኑ ብቻ ወጥቶ መንጋጋው ካልተከተለ እሷ የለችም ማለት ነው። በአንድ ሮንዴላና ኮፒሊያ (ጫፉ የሚታጠፍ የሽቦ ስፒና) ትተካታለህ። የመንጋጋው ቪቴዎች እምቢ ካሉ በጋዝ አሞቃቸውና በካቻቪቴ ላይ በመዶሻ መታ መታ እያደረግህ ሞክር። ካልሆነ በትራፓኖ (መሰርሰሪያ) አውጣቸው። ብረቶቹ ራሳቸው ጠንካራ ስለሆኑ በእነሱ ላይ ትራፓኖ አትሞክር።

ቀለም መቀባት ትችላለህ፣ የሚንሸራተተውን ቦታ ግን አትቀባ። ብሎኑን ግራሶ፣ መንሸራተቻውን ቀጭን ዘይት። መንሸራተቻው ላይ ግራሶ ካበዛህ ብናኝ ይሰበስብና እንደገና ቋ ማለት ይጀምራል። ስትተክለው የኋላው መንጋጋ ከጠረጴዛው ጠርዝ ትንሽ ወጣ ይበል፣ ረጅም ብረት ቁልቁል ለመያዝ ይጠቅምሃል። ከፍታው እስከ ክርንህ ይሁን። እጀታው ላይ ቱቦ ሰክቶ የሚያጠብቅ ሠራተኛ ካለህ ቱቦውን ደብቅበት። እጀታው የሚታጠፈው ገላው እንዳይሰነጠቅ ነው።

ቶሎ ሂድ ግን። በዱከምና በአቃቂ ያሉት ማቅለጫዎች ይህን ሁሉ ፌሮ እያደረጉት ነው። ለመፈተኛ ጠመኔ፣ ትንሽ ናፍጣ፣ ጨርቅና የሽቦ ብሩሽ ያዝ። ስትደርስ ከሥር በኩል፣ ግማሹ ዳዶ እንዲታይ አድርገህ ፎቶ አንሳና እዚሁ ለጥፍልን። መስመሯንም ከጠመኔው በኋላ አንሳት። ሻጩ ፎቶ ስታነሳ አይቶ ዋጋ ከጨመረብህ፣ የፊቱ መንጋጋ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ከአዲሱ ግማሽ ዋጋ በታች በሆነ ሁሉ ውሰደው።