በያጁ ከሄደ በኋላ የጠፋው መብራት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከቡታጅራ ነው የምጽፍልዎ። ባለ ሲንግል ጋቢና ሃይሉክስ አለችኝ። ጎመንና ቃሪያ ጭኜ ሌሊት ሌሊት ወደ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። ከአንድ ወር ወዲህ የኋላ መብራቷ ድንገት ይጠፋል። የታርጋውና የዳሽቦርዱ መብራትም አብረው ይሄዳሉ። ትልቁ የፊት መብራትና የፍሬን መብራቱ ግን ይሠራሉ። ፊውዙን ቀየርኩት፤ ሁለት ቀን ሠርቶ ተቃጠለ። ሁለተኛው አንድ ሌሊት ቆየ። ሦስተኛው ጉድጓድ ውስጥ ስገባ እዚያው ሄደ። ጓደኛዬ «በ10 አምፔሩ ፊውዝ ቦታ 20 ክተትበትና ተገላገል» አለኝ። ልክተት ወይ? በነገራችን ላይ በቅርቡ ካሶኒዋ ላይ የብረት ፍሬም ከማስበየዴ በቀር ምንም አልተነካካችም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ 20ውን እንዳትከት። ጓደኛህ ክፉ አስቦ አይደለም፤ ግን መኪናዋ ስትጨስ እሱ ቤቱ ተኝቶ ነው የሚሆነው። ደግሞ «ምንም አልተነካካችም» የምትለው ላይ ስደርስ ቡናዬን አስቀምጬ ሳቅሁ። መልሱን ራስህ ጽፈህ ልከኸዋል። በያጅ የነካው መኪና አልተነካካም አይባልም።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። የኋላ መብራት አምፖል አብዛኛውን ጊዜ 5 ዋት ነው። የኋላውን ሁለት፣ የፊቱን ሁለት ትንንሽ መብራትና የታርጋውን ደምር፤ የዳሽቦርዱንም ጨምርበት። ቢበዛ 35 ዋት ገደማ ነው። ለ12 ቮልት ብታካፍለው 3 አምፔር እንኳን አይሞላም። 10 አምፔር ፊውዝ ለዚህ ሥራ ተርፎት ነው የሚኖረው። ስለዚህ ፊውዙ ደክሞት አይደለም የተቃጠለው። የሆነ ቦታ ፖዘቲቩ ሽቦ ተልጦ ብረት እየነካ ነው። የመኪናው አካል በሙሉ ኔጌቲቭ መሆኑን አትርሳ። ጉድጓድ ላይ መቃጠሉም ይህንኑ ነው የሚነግርህ፤ መኪናው ሲናጥ ሽቦው ብረቱ ላይ ይወድቃል።

ለምን 20 አይሆንም ላልከው፣ ከራሴ ላውጋህ። ረዳት ሳለሁ አንድ ፒክአፕ ላይ በ10ር ቦታ አረንጓዴውን፣ 30ውን ከተትኩ። መብራቱ በራ፣ ደንበኛው አመስግኖኝ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ምንጣፉ ሥር ይጨስ ነበር። ፊውዙ ደህና ነው፤ የነደደው ሽቦው ነው። አለቃዬ አልተቆጣኝም። የተጣበቀውን የሽቦ ጥቅል ፊቴ ዘረጋና «በል አሁን አንድ በአንድ ለያየው» አለኝ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ጣቶቼ ላይ የቀለጠው ፕላስቲክ ሽታ አሁን ድረስ ይመጣብኛል። የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልለው የሚከቱም አሉ፤ እሱ ጭራሽ ፊውዝ የለውም ማለት ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ቁልፉን አጥፋ፣ መብራቱንም አጥፋ። የፊውዝ ሳጥን ሁለት ቦታ ታገኛለህ፤ አንዱ ኮፈን ውስጥ ባትሪው አካባቢ፣ ሌላው ጋቢና ውስጥ ከመሪው ሥር። የትኛው ፊውዝ የምን እንደሆነ ክዳኑ ላይ ተስሏል። የኛ አገር መኪና ክዳኑ ብዙ ጊዜ የለም፣ አውቃለሁ። ግን አንተ ሦስት ጊዜ ስለቀየርከው ቦታውን ታውቀዋለህ።

ሌሎች አንባቢዎችም ስላሉ ስለ ቀለሙ ልበል። ቡኒው 7.5፣ ቀዩ 10፣ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20፣ አረንጓዴው 30 ነው። መጠናቸው ግን ይለያያል፤ ትልቅም ትንሽም አለ። ሶማሌ ተራም ሆነ ሰፈራችሁ ሱቅ ስትሄዱ የተቃጠለውን ይዛችሁ ሂዱ። መንቀያዋ ትንሽ የፕላስቲክ መቆንጠጫ ሳጥኑ ውስጥ ትኖራለች፤ ከጠፋች ፒንሳ በቀስታ። ነቅላችሁ ወደ ብርሃን ስታዩት ውስጡ ያለው ቀጭን ብረት ተበጥሷል ወይም ጠቁሯል። ዓይን ግን ይሳሳታል። ፊውዙ ጀርባ ላይ ሁለት የብረት ነጥቦች አሉ። መብራቱን አብርታችሁ በቴስተር፣ ማለትም ሽቦው የመኪናው ብረት ላይ ታስሮ ጫፉ ኤሌክትሪክ ሲነካ በሚበራው መፈተሻ፣ ሁለቱንም ንኩ። ሁለቱም ጋ ቴስተሩ ከበራ ደህና ነው፤ አንዱ ጋ ብቻ ከበራ ተቃጥሏል። አንዱም ጋ ካልበራ ችግሩ ፊውዙ ጋ አይደለም፤ ኤሌክትሪኩ ከዚያ በፊት ነው የቆመው።

ላንተ ግን ይህ አይበቃህም፤ የተላጠውን ሽቦ ማግኘት አለብህ። በየጊዜው ፊውዝ እያቃጠልክ ከምትፈልግ ይችን ዘዴ ተጠቀም። 21 ዋት የፍሬቻ አምፖል ፈልግና ሁለት ሽቦ አስርበት። በተቃጠለው ፊውዝ ቦታ ሁለቱን ጫፎች ሰካ። ከዚያ የኋላውን፣ የታርጋውንና የፊቱን ትንንሽ አምፖሎች ንቀል። መብራቱን አብራ። የሰካኸው አምፖል ደብዘዝ ብሎ ቢበራ ግድ የለህም፤ የዳሽቦርዱ አምፖሎች ናቸው። ቦግ ብሎ ከበራ ግን ሽቦው ያን ሰዓት ብረት ነክቷል ማለት ነው። አምፖሉ ከ2 አምፔር በላይ ስለማያሳልፍ ሽቦህ አይነድም፤ ቀኑን ሙሉ ብትፈልግ ፊውዝ አትጨርስም።

ረዳትህን ጋቢና አስቀምጠውና አምፖሉን ይይ። አንተ መኪናው ሥር ግባ። ሻንሲውን ተከትሎ ወደ ኋላ የሚሄደውን የሽቦ ጥቅል ከፊት ጀምረህ እያንቀሳቀስክ ሂድ። «በራ!» ወይም «ጠፋ!» ሲልህ እጅህን እዚያው አቁም። እኔ ብሆን ግን ከፊት አልጀምርም፤ በቀጥታ የፍሬሙ ቡሎን ጋ ነው የምሄደው። ካሶኒውን ሲበሱ መሰርሰሪያው ሥሩ ያለውን ሽቦ ይነካል፣ ወይ ቡሎኑ ይጫነዋል፣ ወይ የብየዳው ሙቀት ያቀልጠዋል። እዚያ ካጣህ የኋላ መብራቱ ሽቦ ቆርቆሮውን በስቶ የሚያልፍበትን ቀዳዳ እይ። ቀዳዳው ዙሪያ ጎማ ነበረው። ጎማው ከወለቀ ቆርቆሮው ሽቦውን እንደ ቢላ ይቆርጠዋል።

ስታገኘው ናስትሮ ብቻ ጠቅልለህ አትሂድ። ከጭቃው አጽዳው፤ የተጋጠ ከሆነ ቆርጠህ በደንብ አጋጥመው፣ ጠቅልለው፣ ከዚያ በፕላስቲክ ቱቦ አልብሰውና ከቡሎኑ አርቀህ እሰረው። ሌላ ጊዜ ደግሞ በያጅ ሲመጣ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ።

እስከዚያው ሌሊት መንገድ ላይ ቢጠፋብህ፣ ቁጥሩ ተመሳሳይ ከሆነ የሬዲዮውን ፊውዝ ተበደር። እሱም ከተቃጠለ ዳር ይዘህ ቁምና ንጋትን ጠብቅ። የኋላ መብራት የሌላት ፒክአፕ ከኋላዋ ለሚመጣ አይሱዙ ጨለማ ናት። ጎመኑ ይጠውልግ።

ጥያቄ፦ ከጅማ ነኝ። ደብል ጋቢና ፒክአፕ ነው የምነዳው። ጎማ የሚነፋ ትንሽ ኮምፕረሰር ገዝቼ የሲጋራ መለኮሻው ላይ ስሰካው ትንሽ ሠርቶ ቆመ። አሁን የስልክ ቻርጀሩም አይሠራም። መካኒክ ልጥራ?

መልስ፦ እህቴ፣ ገና አትጥሪ። የመለኮሻው ፊውዝ ነው የሄደው። ክዳኑ ላይ ቦታውን ፈልጊና በራሱ ቁጥር ቀይሪው፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ መለኮሻው ላይ «12 ቮልት፣ 120 ዋት» ተብሎ ተጽፏል፤ ያ ማለት 10 አምፔር ነው። ኮምፕረሰርሽ ሥር የተጻፈውን አንብቢ። ከዚያ በላይ ከሆነ በመቆንጠጫ በቀጥታ ከባትሪው ጋር የሚያያዝ ዓይነት ነው የሚያስፈልግሽ።

አዲሱን ፊውዝ ከመክተትሽ በፊት ግን መለኮሻውን በስልክሽ መብራት ወደ ውስጥ እዪው። ለፊውዝ መቃጠል ኮምፕረሰር ብቻ አይደለም ምክንያቱ። አንድ ጊዜ ሦስት ፊውዝ የበላ መለኮሻ መጣልኝ። ውስጡ 5 ሳንቲም ተጋድሞ ነበር፤ ያ ቀዩ፣ ዛሬ ምንም የማይገዛው። አውጥቼ ለባለቤቱ ሰጠኋቸው። ገልብጠው አዩትና መልሰው መዳፌ ላይ አስቀመጡት። «ለሻይህ» አሉኝ።