የመዳብ 324.75 እና 327.40 መስመሮች ጥምርታ ለምን 1.2 ሆነ?

ንጹህ መዳብ ላይ ሌዘር ሲተኩሱ በሚፈጠረው ፕላዝማ (የጋለ፣ የሚያበራ ጋዝ) ብርሃን ውስጥ የ324.75 ናኖሜትሩ መስመር ጥንካሬ የ327.40ን እጥፍ መሆን ሲገባው 1.2 ብቻ እንደወጣ ጠይቀዋል። ካሊብሬሽኑን (የመሣሪያውን ምላሽ በታወቀ መብራት ማረምን) ለጊዜው ይተዉት። መስመሮቹ 3 ናኖሜትር እንኳ ስለማይራራቁ የስፔክትሮሜትሩ (ብርሃንን በሞገድ ርዝመት የሚለየው መሣሪያ) ምላሽ በመካከላቸው ብዙም አይለያይም፤ የሚነሱባቸው የኢነርጂ ደረጃዎችም ተቀራራቢ ስለሆኑ የፕላዝማው ሙቀት ጥምርታውን እምብዛም አይነካውም። ስለዚህ ወይ ዲቴክተሩ ጣሪያ ነክቷል፣ ወይ ፕላዝማው የራሱን ብርሃን መልሶ ውጧል።

ለመለየት ብርሃኑን ወደ ስፔክትሮሜትሩ ከሚወስደው ፋይበር ፊት ብርሃኑን በግማሽ የሚቀንስ ፊልተር ያድርጉ፤ ኳርትዝ ይሁን፣ ተራ መስታወት አልትራቫዮሌት ይውጣል። ጥምርታው ከተስተካከለ ችግሩ ዲቴክተሩ ነው። ካልተነቃነቀ መዋጥ ነው። ሁለቱም መስመሮች የሚያርፉት በአቶሙ የመጨረሻ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ነው፤ ቀዝቃዛው የፕላዝማ ጠርዝ ደግሞ እዚያ ደረጃ ላይ ባሉ አቶሞች የተሞላ ነው። ጠንካራው መስመር ይበልጥ ስለሚዋጥ ጥምርታው ወደ 1 ይወርዳል። የፒኩ አናት መሃሉ ከሰረጎደማ ሌላ ማስረጃ አያሻም።

እነዚህ ሁለቱ መስመሮች መዳብ በጥቂቱ ብቻ ላለበት አሉሚኒየም እንጂ ለንጹህ መዳብ አይሆኑም። ለንጹህ መዳብ 510.55፣ 515.32 እና 521.82ን ይያዙ። የ521.82 ለ515.32 ጥምርታ 1.85 ገደማ መሆን አለበት። 2.1 አካባቢ ካገኙ 522.01 ላይ ያለችውን ትንሽ መስመር አብረው ደምረዋል ማለት ነው፤ ሁለት ከርቮችን ከዳታው ጋር አጣጥመው ይለዩዋት።

የፒኩን ከፍታ ሳይሆን ከስሩ ያለውን ኤሪያ ይውሰዱ፤ ኤሌክትሮኖች እያንዳንዱን መስመር የሚያሰፉት በተለያየ መጠን ነው። ባክግራውንዱን ከግራም ከቀኝም ይቀንሱ፤ ኤሪያው የሚደመርበትን የሞገድ ርዝመት ክልል አያጥብቡት፣ የመስመሩ ጭራ ረጅም ነው። ከሌዘሩ በኋላ 1 ማይክሮ ሰከንድ ቆይቶ ዲቴክተሩን ለ1 ማይክሮ ሰከንድ መክፈት ጥሩ መነሻ ነው፤ ቀደም ካሉ ተከታታዩ ብርሃን (መስመር የሌለው፣ በሁሉም የሞገድ ርዝመት የተዘረጋው) ይበዛል። ኦክሳይዱን የሚጠርጉትን የመጀመሪያ 10 ያህል ሾቶች ይጣሉ። ጥምርታውን በየሾቱ አስልተው ካማከሉ የሌዘሩ መዋዠቅ በአብዛኛው ይጣፋል።

የተራራቁ መስመሮችን ሲያነጻጽሩ ነው ካሊብሬሽን ግድ የሚሆነው፤ ከ400 ናኖሜትር በታች በዲዩቴሪየም መብራት፣ ከዚያ በላይ በተንግስተን ሃሎጅን። የመብራቱ ብርሃን በዚያው ሌንስ፣ ፋይበርና ስሊት ይግባ። የአቶም መስመሮች ዳታቤዝ ላይ ያለው የአንጻራዊ ጥንካሬ ዓምድ ከሌላ የብርሃን ምንጭ የተለካ ስለሆነ አያነጻጽሩበት፤ የሽግግር ፕሮባቢሊቲውን (አቶሙ በሰከንድ ያንን ብርሃን የመልቀቅ ዕድሉን) በላይኛው ደረጃ ስታቲስቲካዊ ክብደት (ደረጃው በያዛቸው ንዑስ ሁኔታዎች ብዛት) አባዝተው ይጠቀሙ። ካሊብሬሽንዎ በኢነርጂ ከሆነ ይህን ብዜት ለሞገድ ርዝመቱ ያካፍሉ፣ በፎቶን ቁጥር ከሆነ ግን አያካፍሉ።