ማዕተቤን ብደብቅ ካድኩ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? እዚሁ ባሕር ዳር በመንግሥት ትምህርት ቤት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሰንበት ትምህርት ቤትም አገለግላለሁ። ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ጠዋት ከሰልፍ በፊት በሚኒ ሚዲያ መዝሙርና አጭር ስብከት እናሰማ ብለን ርእሰ መምህሩን ጠየቅን። «አይቻልም» አሉን። ሌላ ቀን ደግሞ አንድ አስተማሪ ማዕተቤን አይተው «ይሄን ወደ ውስጥ አስገቢው» አሉኝ። አስገባሁት። ከዚያ ወዲህ ክርስቶስን የካድኩ እየመሰለኝ እንቅልፍ አጣሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። መጀመሪያ እንቅልፍሽን ተኚ። አልካድሽም። ጴጥሮስ በዚያች ሌሊት «አላውቀውም» አለ። አንቺ እንዲህ አላልሽም። ደነገጥሽ፣ ክሩን ወደ ኮሌታሽ ከተትሽ፣ በቃ።

ሁለቱን ጉዳይ ግን አታደባልቂያቸው።

በሚኒ ሚዲያው ርእሰ መምህሩ ልክ ናቸው። ቅር እንደሚልሽ አውቃለሁ። ድምፅ ማጉያ ግን ጆሮ አይመርጥም። ግቢ ውስጥ ያለ ሁሉ ወደደም ጠላም ይሰማል። አጠገብሽ የምትቀመጠው ሙስሊም ልጅ ለመማር ነው የመጣችው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። ነገ ሌላ እምነት ያለው ተማሪ ማይኩን ይዞ ልስበክሽ ቢልሽ፣ አንቺንም የሚጠብቅሽ ይኸው ሕግ ነው። መዝሙሩ እንደሆነ ቦታ አላጣም። እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ጊዮርጊስ ዐውደ ምሕረት ላይ ከበሮውን እንደ ልብሽ ምቺው።

ማዕተቡ ሌላ ነው። እሱ ማንንም አይሰብክም፣ ክፍል አይረብሽም። የክርስትናሽ ምልክት ነው፤ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ የሚታሰርላት። አንቀጽ 27 ሃይማኖትን በግልም በጋራም፣ በይፋም የመግለጽ መብት ይሰጣል። ሊገደብ የሚችለው በሕግ ነው፤ ያውም ለሰላም፣ ለጤና፣ ለትምህርት፣ ለሌሎች መብት የግድ ሲሆን። አስተማሪው ስላልወደዱት ብቻ አይገደብም።

እኔም ተማሪ ሳለሁ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ሸሚዜን እስከ ላይኛው ቁልፍ ቆልፌ ተምሬአለሁ። ጓደኞቼ ይስቁብኝ ነበር። የባሕር ዳርን የመጋቢት ሙቀት ታውቂዋለሽ። ክሩ በላብ ረጥቦ ፈገፈገኝና አንገቴ ላይ ቀይ መስመር ሠራ። እናቴ አየችው። «ምኑ ነው ያሳፈረህ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። በማግስቱ የላይኛውን ቁልፍ ፈታሁት። ሁለት ቀን ሳቁ፣ ከዚያ ተዉት።

ዳንኤልን አስቢው። ንጉሡ ጸሎት በከለከለ ጊዜ ወደ ቤቱ ገባ፤ መስኮቱ ወደ ኢየሩሳሌም ተከፍቶ ነበር። በቀን ሦስት ጊዜ ጸለየ፤ መጽሐፉም «ቀድሞ ያደርግ እንደ ነበረ» ይላል። (ይቺ ሐረግ እኔን ሁልጊዜ ትገርመኛለች።) መስኮቱን ፈርቶ አልዘጋውም። እልህ ይዞትም ንጉሡ ደጅ ሄዶ አልጮኸም። የዘወትር ጸሎቱን ነው የቀጠለው። አንቺም ማዕተቡን ቀድሞ እንደምታደርጊው አድርጊው። ለማሳየት ብለሽ ከሸሚዝሽ በላይ አትጎትቺው።

ከአስተማሪው ጋር ግን ክርክር አትግጠሚ። አባትሽን ወይም እናትሽን ይዘሽ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ግቢ። «ማዕተብ የሚከለክል መመሪያ አለ ወይ?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። ካለ በጽሑፍ አሳዩን በሉ። ክሩን ግን ማንም ቢልሽ እንዳትበጥሺው። ያቺን የጎንሽን ልጅ ደግሞ ሂጃብሽን አውልቂ የሚላት ከመጣ ዝም ብለሽ አትመልከቺ።

ጸሎት ማንም አይከለክልሽም። የምሳ ደወል 6 ሰዓት ላይ ሲደወል ጌታ የተሰቀለበት ሰዓት ነው። ምሳ ዕቃሽን ከመክፈትሽ በፊት በልብሽ አቡነ ዘበሰማያት በይ። ማይክ አያስፈልገውም። ረቡዕና ዓርብ ጓደኞችሽ ሽሮሽን አይተው «ለምን?» ካሉሽ ያኔ መልሺ። ቅዱስ ጴጥሮስም ለሚጠይቃችሁ በየዋህነት መልስ ለመስጠት ተዘጋጁ ይላል። ጾሙ ክፍል ውስጥ የሚያዞርሽ ከሆነ ግን ሰዓቱን ራስሽ አትወስኚ፣ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ።

አሁን ስልኩን አስቀምጪና ነገሩን ለእናትሽ ንገሪያት። ሰኞ አብራሽ ትሂድ።