መልስ፦ ኤርታ አሌ የደጋው ቅጥያ ነው ወይ?

"ኤርታ አሌ የትግራይ ደጋ ቅጥያ ነው ወይ? ጨዉስ ከየት መጣ?" ብለህ ለጠየቅከው፦

ቅጥያ አይደለም። ደጋው በስተ ምሥራቅ ገደል ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ የዳናክል ረባዳ ነው። ዝቅተኛው ቦታ ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ገደማ ይወርዳል። የኤርታ አሌ ሰንሰለት ከረባዳው መሃል ለብቻው የበቀለ የእሳተ ገሞራ መደዳ ነው። መሬቱ እየተሰነጠቀ ሲለያይ ቅልጥ አለቱ በስንጥቁ ወጥቶ ሠራው። ታዲያ የራስ ዳሸን ዓይነት ግዙፍ እንዳይመስልህ! ኤርታ አሌ ራሱ 613 ሜትር ብቻ ነው። ከሁሉም ከፍ የሚለው አሌ ባጉ 1,031 ሜትር ነው። በኅዳር 2018 የፈነዳው ሃይሊ ጉቢም የዚሁ ሰንሰለት አካል ነው፤ በደቡብ ጫፍ።

ጨዉ የቀይ ባሕር ነው። ባሕሩ በጥንት ዘመን በሰሜን በኩል ገብቶ ረባዳውን አጥለቅልቆት ነበር። መግቢያው ሲዘጋ ውሃው ተነነ፣ ጨዉ ቀረ። ይህ እየተደጋገመ በአንዳንድ ቦታ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው ጨው ተከማቸ። ዛሬም ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ ወደ ባሕር መውጫ የለውም። አሳሌ በሚባለው የጨው ሐይቅ ላይ ተኝቶ ይተናል። አሞሌ የሚቆረጠውም እዚያው ነው።

ካርታ ስታይ ዳሎልን ከሰንሰለቱ ጋር አትቀላቅለው። ያ ባለቀለሙ ኮረብታ ያለው ወደ ሰሜን፣ ጨው ሜዳው ላይ ነው።