ለደሴ ኮምቦልቻ ቁልቁለት የሚሆን የሳይክል ቸርኬ

ወንድሜ፣ ደሴና ኮምቦልቻ በሳይክል ስመላለስ የፍሬን ጎማ ቶሎ አለቀብኝ፣ ቸርኬውም ተበላ፣ ምን ልግዛ ብለሃል። ወደ 600 ሜትር የሚያወርድ መንገድ ነው፤ ቢያልቅ አይገርምም።

ቸርኬው አሉሚኒየም ይሁን። የብረቱ ቸርኬ ዝናብ ሲነካው ፍሬን በደንብ አይይዝም፤ ክረምት ላይ ጉድ ይሠራሃል።

ቸርኬን በዋናነት የሚበላው ደግሞ የፍሬኑ ጎማ ላይ የተሰካ አሸዋና የአሉሚኒየም ስባሪ ነው። የፍሬኑን ጎማ ፈትተህ በመርፌ ንቀልለት፤ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፈግ አድርገው። ቸርኬውንም በጨርቅ ጥረግ። ፍሬን የሚነካው ጎኑ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ ግን ቀይረው። የሳሳ ቸርኬ በጎማው ንፋስ ግፊት ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ቀልድ አይደለም።

ስትወርድ ፍሬኑን ጨብጠህ አትቆይ፤ ያዝ ለቀቅ አድርገው። የፍሬኑ ጎማ ላይ ያለው ቦይ ከጠፋ ደግሞ ሳታመነታ ለውጠው፤ ከቸርኬ ይረክሳል።