የላንካስተር ሥዕልና የበረራ ባልደረቦቹ ፊርማ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። እንግሊዝ አገር የሚኖረው ወንድሜ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመንን ግድቦች የደበደበውን የላንካስተር ቦምብ ጣይ አውሮፕላን የሚያሳይ የኅትመት ሥዕል ላከልኝ። ከግርጌው 212/500 የሚል ቁጥር፣ እንዲሁም የሠዓሊውና የሁለት የበረራ ባልደረቦች የእርሳስ ፊርማ አለበት። ፊርማው እውነተኛ መሆኑን እንዴት ላረጋግጥ? ቁጥሩስ ዋጋውን ይለውጠዋል? ፍሬም ሠሪው ኮምፔንሳቶ ላይ በኮላ ለጥፎ ላሚኔት ሊያደርግልኝ አስቧል፤ ልፍቀድለት?

መልስ፦ ከመጨረሻው እንጀምርና፣ እባክዎ አይፍቀዱለት። ወረቀት ውስጥ የሰረገ ኮላ ያለ ጉዳት አይወጣም፤ በሙቀት የተጣበቀ ፕላስቲክም ፊርማዎቹን ለዘለቄታው ይሸፍናቸዋል። ነጩ ኅዳግም ቢሆን እንዳይቆረጥ ይንገሩት።

የዚህ ዓይነት ሥዕሎች አብዛኞቹ በኦፍሴት፣ ማለትም አንድ ዓይነት ቅጂዎችን በብዛት በሚያወጣ የማተሚያ ማሽን የታተሙ በመሆናቸው፣ ብርቅ የሚያደርጋቸው በቦታው የነበረ ሰው እጁን ያሳረፈባቸው መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 16 እስከ 17 ቀን 1943 በነበረው ሌሊት ግድቦቹን ለመደብደብ ከተነሡት 19 ላንካስተሮች 8ቱ አልተመለሱም፤ ከ133ቱ የበረራ ባልደረቦችም 53ቱ ሞቱ። ከተረፉት የመጨረሻው ጆኒ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ2022 ስላረፉ፣ ከእንግዲህ ማንም አዲስ ፊርማ ሊያኖር አይችልም።

ፊርማውን በአጉሊ መነጽር ይመርምሩት። የታተመ ፊርማ እንደ ሥዕሉ ሁሉ ከጥቃቅን የቀለም ነጠብጣቦች የተሠራ ሆኖ ይታያል፤ እውነተኛ የእርሳስ ጽሑፍ ግን ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዘንብለው ሲያዩት ያብለጨልጫል፣ አንዳንዴም የጫናውን ሰርጓዳ መስመር ያሳያል። ቀጥሎ የፈራሚውን የሞት ዘመን ከኅትመቱ ዓመት ጋር ያስተያዩ። የዘመቻው መሪ ጋይ ጊብሰን እ.ኤ.አ. መስከረም 1944 ስለሞተ፣ ከጦርነቱ በኋላ በታተመ ሥዕል ላይ «ጊብሰን የፈረመው» የሚል ሻጭ ቢገጥምዎ አይግዙት።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ በኦፍሴት ኅትመት 212ኛው ከ12ኛው በጥራት አያንስም። ክብደት ያለው ስንት ቅጂ እንደታተመ የሚነግረው ሁለተኛው አኃዝ ነው፤ የ50 ቅጂ እትም ከ500 ቅጂ ይልቅ ብርቅ ነው። ከቁጥሩ ውጭ «የሠዓሊው ቅጂ» ተብለው የሚለዩ ጥቂት ቅጂዎች መኖራቸውንም ይወቁ።

ጅማ ዝናብና እርጥበት የሚበዛባት ከተማ ስለሆነች፣ ከሁሉ የሚያስፈራኝ ሻጋታ ነው። ሥዕሉ መስተዋቱን እንዳይነካ በመካከላቸው መሐሉ የተቆረጠ፣ ከአሲድ ነጻ የሆነ ካርቶን ይግባ፤ ወረቀቱንም በኮላ ወይም በፕላስተር ሳይሆን እንደ ካርቶኑ ከአሲድ ነጻ ከሆነ ወረቀት በተሠሩ የማዕዘን ኪሶች ያሲዙት። ፀሐይ ከማይደርስበት የውስጥ ግድግዳ ላይ፣ ከፍሬሙ ጀርባ አየር እንዲያልፍ ትንሽ ራቅ አድርገው ይስቀሉት።

ስላልጠየቁኝ ነገር አንድ ቃል ልጨምር። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 6 ቀን 1935 ደሴ በጣሊያን አውሮፕላኖች ስለተደበደበች፣ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ለእኛ አገር ሰው ከታች ሆኖ የታየ ነገር ነው፤ በጀርመን ግድቦች ሥርም ጎርፉ ከ1,000 በላይ ሰዎችን፣ ብዙ የግዳጅ ሠራተኞችን ጨምሮ፣ ገድሏል። ስለዚህ ከሥዕሉ ጋር የመጣ የምስክር ወረቀት ካለ፣ ከፍሬሙ ውጭ በደረቅ ፖስታ ሲያስቀምጡት የዘመቻውን ታሪክ ከሁለቱም ወገን ጽፈው አብረው ያኑሩበት።