የገዛው ሰው ፖሊስ ሆኖ ሲገኝ

ሰሞኑን ከባሕር ዳርና ከአካባቢዋ የደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ናቸው፤ ገዢ መስሎ ስለቀረበ ሲቪል ለባሽ ፖሊስ። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ጠያቂዎቹን የሚያሳውቅ ነገርም አውጥቻለሁ። መዝገብ የተከፈተበት ሰው ይህን አንብቦ ብቻ እንዳይቀር፣ ጠበቃ ያማክር።

«ልጄ ሐይቁ ዳር የጀልባ ደላላ ነው። አንድ ሰው እየደወለ ሐሺሽ ፈልግልኝ ሲለው ከረመ። በመጨረሻ ከሌላ ልጅ ተቀብሎ ሲሰጠው ሰውየው ፖሊስ ሆኖ ተገኘ። ራሳቸው አሠርተውት እንዴት ይከሱታል?» (አንዲት እናት፣ ከሽምብጥ)

እናቴ፣ መጀመሪያ መራራውን ልንገርዎ። በ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን «ፖሊስ ገፋፍቶኝ ነው» ያለን ተከሳሽ በዚሁ ብቻ ነፃ የሚያወጣ ድንጋጌ የለም። «እኔ አገናኘሁ እንጂ አልሸጥኩም» ማለትም ብዙ አያስኬድም። አንቀጽ 525 ሻጩን ብቻ ሳይሆን አከፋፋዩን፣ አቅራቢውንና በመሐል ሆኖ የሚያገናኘውንም ይይዛል። ቅጣቱም ከ5 ዓመት የማያንስ ጽኑ እስራት ነው።

ነገሩ ግን እዚህ ላይ አያበቃም። ሲሸጥ የኖረን ሰው ገዢ መስሎ መያዝ አንድ ነገር ነው። ሐሳቡም ያልነበረውን ልጅ ወትውቶ ማሠራት ደግሞ ሌላ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ከልጅዎ ጉዳይ ጋር የሚቀራረብ የፖርቱጋል መዝገብ አይቶ ነበር። ሲቪል የለበሱ ሁለት ፖሊሶች ሄሮይን እንዲያመጣላቸው አንድን ሰው ይጠይቁታል። ሰውየው የወንጀል ሪከርድ የለበትም፤ ቀድሞም አልተጠረጠረም። ዕፁን ያመጣው ከሌላ ሰው ነው። ፍርድ ቤቱ ወንጀሉን ያነሳሱት ፖሊሶቹ ናቸው፣ ችሎቱም ፍትሐዊ አልነበረም አለ። ውሳኔው የእኛን ዳኞች አያስገድድም። ቢሆንም ጠበቃው ሊከራከርበት የሚችል ሐሳብ ነው፤ ልጁን ነፃ ባያወጣው እንኳ ቅጣት ሲወሰን ሊነሳ ይገባዋል ባይ ነኝ።

ስለዚህ የስልኩ ጥሪ ዝርዝር እንዲቀርብ ጠበቃው ይጠይቅ። መጀመሪያ የደወለው ማን ነው? ስንት ጊዜ ደወለ? ልጁ እምቢ ያለበት መልእክት አለ? ዋጋውን የቆረጠው ማን ነው? ከዚያ ቀን በፊት ሸጧል የሚል ማስረጃ በመዝገቡ ውስጥ አለ ወይ? ክርክሩ የሚቆመው በእንባ ሳይሆን በእነዚህ መልሶች ላይ ነው።

«ባጃጅ ነጂ ነኝ። ተሳፋሪዬ ትቶት የወረደው ዕቃ ውስጥ ዕፅ ተገኘ ብለው ከሰሱኝ። በእጄ መገኘቱ ብቻ ይበቃል?»

አይበቃም። ወንጀል የሚባለው ሕጋዊ (በሕግ መከልከሉ)፣ ግዙፋዊ (ድርጊቱ) እና ሞራላዊ (የአድራጊው ሐሳብ) ፍሬ ነገሮቹ አንድ ላይ ሲሟሉ ነው፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 23 ይላል። ዕቃው ባጃጅህ ውስጥ መገኘቱ ግዙፋዊው ነው። ማወቅህን ዓቃቤ ሕግ ማሳየት አለበት። ግን ልብ በል፤ «አላውቅም» የሚለው ቃልህ ከሁኔታው ጋር ይመዘናል። በመቶ ብር መንገድ አንድ ሺህ ብር ተቀብለህ ከሆነ፣ ወይም ዕቃው ከወንበርህ ሥር ተወትፎ ከተገኘ፣ ዳኛው ጠርጥረህ ግድ አልሰጠህም ሊልህ ይችላል። ሕጉ ይህንንም እንደ ሐሳብ ይቆጥረዋል።

«ወንድሜ ላይ ተያዘ የተባለው ቅጠል ነው። ካናቢስ መሆኑን ማን አረጋገጠ?» (ከበላይ ዘለቀ ክፍለ ከተማ)

ብዙ ሰው የማይጠይቀውን ጠየቅክ። የፖሊሱ «ሽታው ራሱ ይናገራል» ማለት አይበቃም፤ የላብራቶሪ ውጤት ያስፈልጋል። ውጤቱ ብቻ አይደለም፣ የተመረመረው ቅጠል ከወንድምህ የተያዘው ራሱ መሆኑም መታየት አለበት። እኔ ብሆን ዓይኔን ፖስታው ላይ ነበር የምተክለው። ሲታሸግ ማን ነበር? በማሸጊያው ላይ የማን ፊርማ አለ? ቀኑስ? የፍተሻው ቅጽ «በጥቁር ፌስታል» ሲል የምርመራው ውጤት «በነጭ ወረቀት የተጠቀለለ» ካለ፣ ኤግዚቢት ክፍል (የተያዙ ዕቃዎች የሚቀመጡበት) ውስጥ ምን እንደተፈጠረ መርማሪው ያስረዳ። ክብደቱ ቀነሰ ብለህ ግን ወዲያው አትፈንድቅ፤ እርጥብ ቅጠል ሲደርቅ ይቀላል።

የብሩም ነገር እንዲሁ ነው። ገዢ መስሎ የቀረበው ፖሊስ ኖቶቹን ከመስጠቱ በፊት ቁጥራቸውን መዝግቦ፣ ያው ቁጥር ከወንድምህ ኪስ ከወጣ፣ ሽያጩን የሚያፈርሰው ጥቂት ነገር ነው። ብሩ ካልተገኘ ሽያጩ ይላላል፤ ይዞ መገኘቱ ግን ሊቀር ይችላል። ሁለቱ የተለያዩ ተግባራት ናቸው፤ ክሱ የትኛውን እንደሚል አንብቡት። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 113 መሠረት ዳኛው የተከሰሰበትን ትቶ በተረጋገጠው ቀለል ባለ ወንጀል ጥፋተኛ ሊለው የሚችልበት መንገድ አለ። «ሽያጩ ፈረሰ» ብላችሁ ድግስ አትደግሱ።

ቅጠሉ ዕፅ ሳይሆን ቢቀርስ? ወንድምህ ዕፅ ነው ብሎ ሸጦት ከሆነ ጉዳዩ ሊፈጸም የማይችል ወንጀል ሙከራ ይሆናል፤ ዳኛው ቅጣቱን በእጅጉ ሊያቀልለት ይችላል። ዕፅ አለመሆኑን እያወቀ ከሸጠው ደግሞ ጥያቄው የማታለል ነው።

«ምስክሮቹ በሙሉ ፖሊሶች ናቸው። ይህ ሕጋዊ ነው?»

ነው። ፖሊስ እንዳይመሰክር የሚከለክል ሕግ የለም፤ ሚዛኑም በምስክር ብዛት አይደለም። ጠበቃችሁ በመስቀለኛ ጥያቄ ለየብቻ ይጠይቃቸው፦ የት ቆመህ ነበር? ብሩ በየትኛው እጅ ተሰጠ? ሁሉም ቃል በቃል አንድ ዓይነት ከተናገሩ፣ ያ ራሱ ጥያቄ ያስነሳል።

«ከሌሊቱ 7 ሰዓት ቤታችንን በረበሩ። የተገኘው ዕቃ ውድቅ ይሆናል?» (ከዘጌ)

የብርበራ ማዘዣ ላይ ፍርድ ቤቱ ሌላ ካላለ፣ ብርበራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ያለ ማዘዣ የሚበረበርበትም ጊዜ አለ፤ ለምሳሌ ከ3 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ማዘዣ እስኪወጣ ዕቃው ይሸሻል ተብሎ ሲሠጋ። ስለዚህ «በሌሊት ነበር» ብቻውን አይበቃም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ተቀባይነት የለውም ብሎ በግልጽ የጻፈው በማስገደድ የተገኘን ማስረጃ ነው፤ ለምሳሌ ተገዶ የተሰጠን ቃል። በብርበራ ስለተያዘ ዕቃ እንዲህ ያለ ግልጽ ቃል አላስቀመጠም። ቅሬታችሁ መዝገብ ላይ ይስፈር፤ ዳኛው ለማስረጃው የሚሰጠውን ክብደት ሊነካ ይችላል።

በዚህ አጋጣሚ፣ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርም። ፖሊስ ጣቢያ ውስጥም ዝም የማለት መብት አለው። «ቃልህን ስጥና ትወጣለህ» የሚለውን ወሬ አትመኑ።

«ጫት እሸጣለሁ። እኔንም ገዢ መስለው ይይዙኛል ብዬ ፈራሁ።»

አይዞሽ እህቴ፣ ጫት በአገራችን የተከለከለ ዕፅ አይደለም። የንግድ ፈቃድሽንና ግብርሽን አስተካክይ እንጂ ከላይ ባነሳሁት አንቀጽ 525 አትፈሪ። ለንደን ላለ ዘመድሽ ግን በሰው ሻንጣ እንዳትልኪ። እዚያ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክልክል ነው፤ የሚያዘው ደግሞ ሻንጣውን የያዘው ሰው ነው።